ያልቀዘቀዘ ከሰል

«ጣት ያለው በግ» ብሎ የሰደበው ክንዴ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፤ ቦታው አዲስ ቅዳም፣ ከሰል የሚጫንበት ሜዳ። ፀጋው ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቷል፤ የሒሳብ ፈተና ያለበትን ቀን እንኳ ረስቶ ነበር። ይህን ግን አልረሳም። ማን እንደሳቀም ያስታውሳል። ጫኞቹ ሁሉ ስቀዋል። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ውብአየሁ የሚባለው ጫኝ ነው፤ የበለዘ ጥርሱ እስኪታይ አፉን በርግዶ፣ ጭኑን እየመታ።

ያሰደበው ስልክ ነው። ከሰል አክሳዮቹ ማኅበር ካቋቋሙ ወዲህ «ዘምነናል» ብለው አፕ አስገብተዋል። እንጨቱ በአፈር ተዳፍኖ የሚከስልበት ክምር ጋ ያለው ሰው የሆነውን ነገር ልክ በሆነበት ሰዓት ስልኩ ላይ ይነካል፦ «ተለኩሷል»፣ «ተከፍቷል»፣ «ቀዝቅዟል»። የቀረውን አፑ ራሱ ያስኬደዋል። «ቀዝቅዟል» ከተነካ የሰፈሩ ቀይ ምልክት አረንጓዴ ይሆናል፣ ወዲያው ለጫኞቹ መልእክት ይሄዳል፣ የአይሱዙው ሹፌር ከእንጅባራ ይነሣል፣ ዳንግላ ያለው ተረካቢም መጋዘኑን ይከፍታል። ስብሰባ የለ፣ ደላላ የለ። ፀጋው ዘጠነኛ ክፍል ስለሆነ ከትምህርት መልስ የሰፈሩን ስልክ ያዝ ተባለ። መጀመሪያ ሰሞን ኮርቶም ነበር።

ያን ቅዳሜ ከሰሉ ስላልቀዘቀዘ አልነካም። መኪናው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ክንዴም ሰው በተሰበሰበበት «የሌላው ሰፈር ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን የዚህ ብቻ ቀይ ነው። ምን ይደረግ፣ ጣት ያለው በግ አስቀምጠን» አለ። በቃ።

አሁን ፀጋው ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ጠዋት የተከፈተው ክምር አጠገብ ቆሟል። የታረሰ የሚመስለው ጥቁር አፈር ትኩሳቱን ወደ ፊቱ ይተፋል። ሽታው ጨርቅ ውስጥ ገብቶ አይለቅም፤ ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጡት ልጆች አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

«ንካውና እንሂድ፣ ኳስ ሊጀመር ነው» አለ አበረ። አበረ የክንዴ የእህት ልጅ ነው፤ የወዲያኛውን ሰፈር ስልክ የሚይዘው እሱ ነው። ከፀጋው ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

«አልቀዘቀዘም።»

«እና? መኪናው እስኪመጣ ይቀዘቅዛላ። እኔ ገና ክምሩ ሳይከፈት ነው የምነካው።»

«ሁልጊዜ?»

«አታካብድ ባክህ። ሁሉም እንደዚያ ነው። ስልኩ ምን ያውቃል፣ እጁን ከሰሉ ውስጥ ከትቶ አያይም።»

ፀጋው ስልኩን አየ። የየሰፈሩ ክምር ተደርድሮ አረንጓዴ ሆኗል። ይህን አረንጓዴ እያየ ስንት ቀን ራሱን እንደ ቀርፋፋ ቆጥሯል። ለካ በቅናት ሲያየው የከረመው ውሸት ነው። ምራቁን እንትፍ አለ።

«ትኩሱን ሲጭኑትስ?»

«ውኃ ይደፉበታል። ከላይ ከረጠበ ማን ያያል?» አበረ ሳቁ መጣበት። «ባለፈው ውብአየሁ ጭነቱ ላይ ተኝቶ ሲሄድ ዳንግላ ሳይደርሱ ሱሪው መጨስ ጀመረ አሉ። የሚነደውን የከሰል ማዳበሪያ በእጁ ነው ጎትቶ የጣለው። መዳፉ እንደተላጠ ድንች ሆኗል።»

ፀጋው መጀመሪያ የመጣለት «ይበለው» ነው። እስኪጣፍጠው ድረስ ይበለው። ወዲያው ደግሞ ውብአየሁ ሸራ ተከናንቦ፣ ከሥሩ ፍም አንጥፎ ሲያንኮራፋ ታየው። የአበረን ሳቅ ተጸየፈው። የራሱን «ይበለው» የባሰ ተጸየፈው።

የክንዴ ሞተር ሳይክል እየተንደቀደቀ መጣ። ክንዴ በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ ወረደ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ጋሼ፣ ውስጡ ፍም አለ።»

«የታለ? አሳየኝ።»

ፀጋው በእንጨት ጫር አደረገው። ነፋስ ሲያገኘው ከጥቁሩ መሐል ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ክንዴ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ በጫማው አፈር ገፋ ገፋ አድርጎ አለበሰው።

«አሁንስ ይታይሃል?»

 ክንዴ ጥርሱ ውስጥ ያገኘውን ነገር እንትፍ ብሎ እጁን በፀጋው ትከሻ ላይ ጣለ።

«ስማ፣ ያን ለት ተናድጄ ነው። ጎበዝ ልጅ እንደሆንህ አውቃለሁ። በል ንካውና ከነገ ጀምሮ የሁሉም ሰፈር ስልክ ባንተ እጅ ይሆናል። አበረንም አንተ ታዘዋለህ።»

«ኧረ አጎቴ» አለ አበረ፣ እየሳቀ።

ፀጋው ይህን ቃል ስንት ሌሊት ሲጠብቀው ነበር። አሁን ሲመጣለት ከክንዴ አፍ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተው። ትከሻው ላይ ያረፈው እጅ ከበደው።

ስልኩ ላይ፣ ከሁሉም በታች፣ «ተመልሶ ነድዷል» የሚል ማንም የማይነካው ምልክት አለ። እሱ ከአንድ ሰፈር ከተነካ የሁሉም ሰፈር ጭነት ይቆማል፤ የተነሣ መኪና ይመለሳል፣ የተጠራ ጫኝ ይቀራል፣ ለማኅበሩ ሊቀመንበርም ይደወላል። ጫኞቹ የዛሬ እንጀራቸው እንደቀረ ያውቃሉ፤ ማን እንዳስቀረውም ያውቃሉ። ነገ መንገድ ላይ ውብአየሁ ሲያገኘው አያመሰግነውም። ቆስሎም ቢሆን ሌላ ስድብ ይፈጥርለታል።

ፀጋው ነካው።

አንድ አፍታ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ የአበረ ኪስ ጮኸ። ቀጥሎ የክንዴ ስልክ። ክንዴ አወጣና አነበበ፤ ከንፈሩ ላይ የነበረው የክብሪት እንጨት ወደቀ። ጥሪም ተከተለ፤ ሊቀመንበሩ ነው።

«ይኸው... አቤት... አይ፣ ልጁ ተሳስቶ ነው» አለ ክንዴ ለስልኩ። ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ በእጁ ከለል አደረገና፣ «ተሳስቼ ነው በል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሁኑኑ በል።»

ፀጋው የማኅበሩን ስልክ ግንድ ላይ አስቀመጠ። ደብተሮቹን ከሣሩ ላይ አነሣ።

«አንተን እኮ ነው። ደንቆሮ። የደንቆሮ ልጅ። አባትህም እንዲሁ ሲገግም ነው ደኽይቶ የቀረው፣ ሰምተሃል?»

ሰምቷል። መልስም ነበረው፤ አንድ ብቻ አይደለም፣ ስለ አፈር የለበሰው ፍምም፣ ስለ አባቱም፣ ተራ በተራ ምላሱ ላይ ደርሰዋል።

«ፀጋ፣ ተሳስቼ ነው በለውና ይልቀቅህ እንጂ፤ ምን አለበት?» አለ አበረ ከኋላው።

ፀጋው መልሶቹን ዋጣቸው። በዛፎቹ መሐል ወደ አስፋልቱ የሚወርደውን ቀጭን መንገድ ያዘ፤ ከኋላው ሁለቱም እየጠሩት፣ ዞር ሳይል፣ ሄደ።