ባለ ዘጠኝ ብረቱ ጌታ እና የምንጩ ድንጋይ

በገርዛም መንግሥት የሚፈሰው ውሃ ሁሉ በአንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ዝም አለ። ቀስ በቀስ አልቀነሰም፤ የሚናገር ሰው አፉን በእጅ እንደታፈነ በአንድ ጊዜ ቆመ። በቤተ መንግሥቱ ኩሬ የነበሩት ዓሦች ጭቃ ላይ ተንፈራገጡ፤ ከእነሱም አንዱ፣ ዓይን የሌለው ሽማግሌ ዓሣ፣ በሰው ድምፅ «ተወሰደ» ብሎ ሞተ። ጠባቂዎቹ ወደ ዋሻው ሮጡ። ከጥንት ጀምሮ ውሃን ከምድር ሆድ ሲጠራ የኖረው ሰማያዊው የምንጭ ድንጋይ ከመቀመጫው የለም። በቦታው የቀረው የጨው ዱካ ብቻ ነበር።

የወሰዱት የጨው ሰዎች ናቸው፤ ከጥቁሩ የመስታወት ሜዳ ማዶ የሚኖሩ፣ ሥጋቸው ከጨው የተጋገረ፣ ከጥማት በቀር ምንም የማያውቁ ፍጡራን። በከተማው ጉድጓዶች የቀረው ውሃ ተለካና ለአሥራ ሁለት ቀን ይበቃል ተባለ። ለማን እንደሚበቃ ግን የተናገረ የለም። የታችኛው ሰፈር ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ውሃ ሲኖር መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ሲጠፋም መጀመሪያ የሚቀርበት እሱ።

በገርዛም የሰው ክብር የሚለካው በብረት ነበር። ሰው ማዕረግ ባገኘ ቁጥር በክንዱ፣ በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት በእሳት ይዘጋለታል፤ ያለ አንጥረኛና ያለ እሳት አይወልቅም። ባለ ሦስት ብረት ዳኛ ነው፣ ባለ ስድስት የጦር አለቃ፣ ባለ ዘጠኝ ከንግሥቲቱ ቀጥሎ ያለ ጌታ። ታላላቆቹ ሲራመዱ ዝግ ብለው፣ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ ነው፤ ሕዝቡም ያንን ዝግታ ግርማ ይለዋል። ብረት የሌለው ፈጥኖ ይሄዳል። ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ደግሞ በዚያ አገር ተላላኪ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም።

አውዳል ብረት አልነበረውም። ዕድሜው ሃያ ሦስት፣ ሥራው በንግሥቲቱ የድንጋይ ካባ ውስጥ በተንሸራታች ጋሪ ድንጋይ መጎተት ነበር። ከዓመት በፊት፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ በሥራው ላይ ያየውን ለጉባኤው ሊናገር ገብቶ ነበር።

«ንግሥት ሆይ፣» ብሎ ነበር ያኔ፣ «ለስላሳ መሬት ላይ ጋሪን በእኩል ጉልበት ሳናቋርጥ ብንጎትት፣ ፍጥነቱ ባለበት አይቆምም። በበትር ምት ቆጥሬዋለሁ። በመጀመሪያው ምት አንድ ክንድ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት ይሄዳል። በየምቱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ጭማሪውም እኩል ነው። ጉልበቱን እጥፍ ብናደርግ ጭማሪው እጥፍ ይሆናል። ጭነቱን እጥፍ ብናደርግ ግን ጭማሪው በግማሽ ይወርዳል።»

የቤተ መንግሥቱ ሊቅ መምህር ዘራማ ጉሮሮውን ጠረገ። የተማሩ ሰዎች መልስ ሲያጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንን ነው። «ከባድ ነገር ዝግ የሚለው ክቡር ስለሆነ ነው፤» አለ። «ይህ ጎታች ክብርን በክንድ ሊለካ መጣ!»

ጉባኤው ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ባለ ዘጠኝ ብረቱ ጌታ መርዛን ነበር። ስቆ ሲጨርስ አውዳልን ሃያ ጅራፍ አስገርፎ በጓሮ በር አስወጣው። የጅራፍ ቁስል ይድናል። ሳቁ ነው የማይድነው።

አሁን ግን ውሃ ጠፋ፤ ያን ጊዜ የተናቀ ሰው ይፈለጋል። የመስታወቱን ሜዳ በእግር የሚሻገር የለም፤ ያንሸራትታል፣ በመካከሉም አፈ ጨለማ የሚባል ስንጥቅ አለ። የሚያሻግረው ቦርጋ የምትጎትተው ጋሪ ብቻ ነው። ቦርጋ ክንፏ የቤት ጣሪያ የሚያህል ነጭ ወፍ ናት፤ በተፈጥሮዋ የምትስብበት ጉልበት አንድ ነው። ባዶም ትጎትት ሙሉ፣ ቢመቷትም ቢለምኗትም፣ አትጨምርም አትቀንስም። ጠባቂዋ ሲህና የምትባል ምላሰ ስለታም ሴት ነበረች።

«ከእኔ ጋር ጋሪ የሚያውቅ ሰው ይምጣ፤» አለች ለንግሥት ዘልማ። «ያ የገረፋችሁት።»

መሪው በሕጉ መሠረት ባለ ዘጠኝ ብረት መሆን ነበረበት። ስለዚህ መርዛን ፊት ቆሞ፣ አውዳል ከኋላው ተንበርክኮ፣ ሦስቱም ማሉ፦ «በጎደለው ውሃ፣ በደረቀው ጉሮሮ፣ በሚያለቅሰው ሕፃን እንምላለን። ድንጋዩን ሳንይዝ ብንመለስ ምድሪቱ እግራችንን አትቀበል!»

አምስት ቀን ተጉዘው ሜዳው ደረሱ። ሰማዩ እንደ አመድ ነበር፤ መስታወቱ ሥር የጥንት ሙታን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተኝተው ይታያሉ። ቦርጋ ስትጎትት አውዳል የጋሪውን ጠርዝ በበትር ይመታ ጀመር፤ በየምቱም ቆንጥሮ ቀይ አፈር ይጥላል።

«ምን ትዘራለህ አንተ?» አለው መርዛን። «በመስታወት ላይ ጤፍ ይበቅላል እንዴ?»

«ርቀቱን እየለካሁ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሃያው ጅራፍ አልበቃህም ማለት ነው።»

ሲህና ዞር ብላ «ጌታዬ ሆይ፣ ሲስቁ ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ ወፏ ትደነግጣለች» አለችው።

አፈ ጨለማን ሲዘሉ ጋሪው በአንድ ምት አሥራ ዘጠኝ ክንድ እየሄደ ነበር። ከዚያ ትንሽ ቢያንስ ኖሮ ይወድቁ ነበር። አውዳል ቁጥሩን በልቡ ያዘ።

የጨው ሰዎች በቀትር ይተኛሉ፤ ሙቀቱ ያደርቃቸዋል። ሦስቱ ወደ ዋሻቸው ገብተው ድንጋዩን በገመድ ሲያወጡ አንዱ ነቃ፣ ከዚያ ሁሉም። እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ መርዛን ፈሪ አልነበረም። በዋሻው በር ቆሞ በብረት ክንዱ ሰይፍ እየመለሰ፣ ጨው እንደ በረዶ እየፈረሰበት፣ ሌሎቹ ድንጋዩን እስኪያወርዱ ያዘላቸው። በመጨረሻም ድንጋይ ደርምሶ በሩን በጨው ሰዎቹ ላይ ዘጋ። ግን ብዙ እንደማያቆማቸው ሦስቱም ያውቃሉ። ከውስጥ የመቆፈር ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከዋሻው ግርጌ እስከ ስንጥቁ ያለው የመስታወት መንገድ መቶ ክንድ ብቻ ነው። አውዳል ድንጋዩ የተጫነበትን ጋሪ አየ፤ መንገዱን አየ፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሲህና።

«ጋሪው በክብደት አንድ ሰው ያህላል። ድንጋዩ ሦስት። አንቺ አንድ፣ እኔ አንድ። ጌታዬ ከነብረታቸው ሁለት። ስምንት ሰው ያህል ማለት ነው። ቦርጋ ስምንት ጎትታ በመቶ ክንድ ውስጥ የምታገኘው ፍጥነት በምት አሥራ ሰባት ክንድ ነው። ለመዝለል አሥራ ዘጠኝ ያስፈልጋል።»

«ስንቁን እንጣለው፤ መሣሪያውንም።»

«ተጥሎ ነው የቆጠርኩት።»

«በሁለት ጉዞ ብናደርገውስ?»

«አንድ ጊዜ ከጎተተች ግማሽ ቀን ሳታርፍ እንደማትነሳ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ከዋሻው በር አንድ ድንጋይ ተንከባለለ።

«እኔ እወርዳለሁ፤» አለ አውዳል። ቀድሞ አስቦበት እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል። «ግን አይበቃም። ሰባት ይቀራል፤ አሥራ ስምንት ተኩል ነው የሚሆነው። አንቺ ደግሞ መውረድ አትችዪም፤ ወፏ ከአንቺ በቀር የማንንም ድምፅ አትሰማም።»

ጨው የለበሰው ጌታ ድንጋዩን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ጨርሰዋ፣ ጎታች፤» አለ መርዛን። «ስድስት ቢሆንስ?»

«ሃያ።»

«ሃያ።» መርዛን ቁጥሩን እንደ መራራ ነገር አኘከው። «ይህ ቆጠራህ ነው ወይስ ጀርባህ ላይ ያለው ጅራፍ?»

አውዳል በትሩን ጋሪው ላይ አስቀመጠ። «አላውቅም፣ ጌታዬ። መጀመሪያ ስቆጥረው ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የቆጠርኩት ደስታዬ አስፈርቶኝ ነው። መልሱ አልተለወጠም። እኔን አይመኑኝ፤ ሲህና ትቁጠረው።»

ሲህና ተንበርክካ ጠጠር ደረደረች። ስምንት አድርጋ ቆጠረች፤ ሁለት አንስታ ደግማ ቆጠረች። ያ ምላሷ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ፤ «ልክ ነው» ብቻ አለች።

መርዛን የክንዱን ቀለበት በድንጋይ ቀጠቀጠ። ደሙ ፈሰሰ እንጂ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የመጀመሪያውን ሲያደርጉለት አባቱ አልቅሶ ነበር፤ በደስታ። ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ ሲደክመው ድንጋዩን ወረወረው።

«አንድ ነገር ንገረኝ፤» አለ። «ወርጄ ከኋላ ብገፋችሁስ?»

አውዳል ቀና ብሎ አየው። «ጉልበት በጉልበት ላይ ይደመራል፣ ጌታዬ። በገፉበት ምት ሁሉ ጋሪው የበለጠ ይፈጥናል። ግን ወዲያው ያመልጥዎታል።»

«እስኪያመልጠኝ ድረስ ነዋ።» ወደ ጋሪው መጣና እጁን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ አደረገ። አርባ ሰባት ዓመት ኖሮ ሸክም ነክቶ አያውቅም ነበር። «እንዴት ነው? እጄን የት ላድርግ?»

«በእጅዎ አይደለም፤ በትከሻዎ። ዝቅ ይበሉ። አሁንም ዝቅ። እግርዎን ወደ ኋላ።»

«ዝቅ በል ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።»

«እግርዎ ይይዛል?»

መርዛን ተረከዙን መስታወቱ ላይ ጫነ። የቁርጭምጭሚቱ ብረት ጫረውና ነከሰው። ባዶ እግር ያለው ሰው እዚያ ላይ ይንሸራተት ነበር። «ይይዛል፤» አለ፤ ለአንድ አፍታም የገረመው ይመስል ነበር።

የዋሻው በር ተናደ። የጨው ሰዎች እንደ ነጭ ጎርፍ ወጡ።

«ቦርጋ!» ብላ ሲህና ጮኸች።

ገመዱ ተወጠረ። ወፏ ሳበች፤ መርዛን ገፋ። አውዳል ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ በትሩን ይመታል። አንድ። የጌታው አንገት ሥር ተገተረ። ሁለት። ብረቱ በመስታወቱ ላይ ብልጭታ አወጣ። ሦስት። አራት። አሁን እየሮጠ ነበር፤ ያ እየቆመና እየተነፈሰ የሚሄድ ሰው ዘጠኝ ብረት ተሸክሞ እየሮጠ ነበር፤ ከአፉም ማንም ገጣሚ የማይጽፈው ዓይነት ድምፅ ይወጣ ነበር። አምስት። ትከሻው ከጋሪው ተላቀቀ። በጉልበቱ ወደቀ። አልተነሳም፤ ዞሮ ተቀመጠና ፊቱን ወደሚመጡት አደረገ።

አውዳል መቁጠሩን አላቆመም። ቢያቆም ምን እንደሚያደርግ አያውቅምና።

ከዚያ ከበታቻቸው ባዶ ሆነ። ጨለማው ከታች ተነፈሰባቸው፤ ከዚያ መስታወት፣ ፍንጣሪ፣ የእንጨት ስንጣቂ፣ ጸጥታ። ተሻግረዋል። ድንጋዩ በገመዱ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል። ማዶ የጨው ሰዎች በአንድ ቦታ ላይ ተከምረው ነበር፤ ከክምሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አልታየም።

ሲህና የወፏን አንገት አቅፋ ስታለቅስ አውዳል ወደ ስንጥቁ ጠርዝ ተመልሶ ሄደ። ጋሪው ያረፈበትን ጭረት ፈለገ። እንደ ቆጠራው ከጠርዙ ሁለት ክንድ አልፎ መሆን ነበረበት። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ከጭረቱ እስከ ገደሉ አንድ መዳፍ ነበር።

ብዙ ቆየ እዚያ። ድንጋዩን በሦስት ሰው ገምቶት ነበር፤ ከዚያ በላይ ይመዝን ነበር ማለት ነው። መርዛን መውረዱ ልክ ነበር፤ ግን መውረዱ ብቻ አይበቃም ነበር። እነዚያ አምስት ምት ግፊት ባይኖሩ ኖሮ ሁለቱም፣ ድንጋዩም፣ የታችኛው ሰፈር ሕፃናትም እዚያ ጨለማ ውስጥ ነበሩ። የጎታቹን ስህተት የሞላው ጎታቹን ያስገረፈው ሰው ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ገርዛም ገቡ። ድንጋዩ በመቀመጫው ሲያርፍ ምድር ከሥር አጉረመረመች፤ ውሃውም መጣ። ከተማው ሁሉ ጮኸ። ንግሥት ዘልማ እንባዋን ጠርጋ «ጌታ መርዛን እንዴት ሞተ?» ብላ ጠየቀች።

«ሲገፋ፣ ንግሥት ሆይ።»

መምህር ዘራማ ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ። «ምን ሲያደርግ?»

«ጋሪ ሲገፋ። በትከሻው። ያ ግፊት ባይኖር እዚህ አልቆምም ነበር፤ እኔ ተሳስቼ ነበርና። እንዲህ ብላችሁ ጻፉልኝ።»

በአዳራሹ ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጌታ አይገፋም። የሟቹ ዘመዶች ፊታቸው እንደ ተሰደበ ሰው ቀላ። ንግሥቲቱ ለረጅም ጊዜ አውዳልን ተመለከተች፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። «ሰይፍ መዝዞ ጠላት መካከል ወደቀ ብለህ ብትመሰክር ለስሙ ይሻላል፤» አለችው። «ለአንተም ማዕረግ ይሰጥሃል።»

«ሰይፉን ጥለነው ነበር፣ ንግሥት ሆይ።»

ሰይፍ መዝዞ ተብሎ ተጻፈ። አውዳል እንደ ገባ ያለ ብረት ወጣ።

ውሃው ወደ ታችኛው ሰፈር የደረሰው ድንጋዩ በተመለሰ በአራተኛው ቀን ነው። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። አውዳልም መጥቶ በቦዩ ዳር ተቀመጠና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ጠጠር ደርድሮ፣ ስምንት፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አምስቱን ምት። በፊተኛው ሰልፍ የቆመች አንዲት ሴት፣ ባሏ በመርዛን ትእዛዝ እግሩ የተሰበረባት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«መርዛን?» አለች። «ገፋ? ለእኛ?»

«ገፋ።»

«ተው ባክህ፣ ወንድሜ።» ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ጎንበስ ብላ እንስራዋን ከውሃው ሞላች፣ ወደ ጀርባዋ አነሳችና እየከበዳት ዳገቱን ወጣች።