ግሌኒስ የሰጠችኝ የሸሚዝ ፓተርን

የምጽፍላችሁ በቤቴ የሆነውን፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው። አርጅቻለሁ እንጂ አልጃጀሁም።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ የጥር ፀሐይ የወጥ ቤቴን መስኮት እንደ ምጣድ አግሎታል። ታዝማኒያ፣ ወንዙ ዳር፣ ከፖም እርሻው ጀርባ ያለችው ቤቴ ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብትሉኝ እኔም አላምናችሁም ነበር...

የልጅ ልጄ ታምሲን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። እናቷ ሩቅ፣ ማዕድን ማውጫ ላይ ትሠራለች፤ ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው። ታምሲን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የጀርባ አጥንቷ ስለተጣመመ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ይላል፤ የሱቅ ልብስ አይሆናትም።

መድኃኒት ቤት ሥራ ልትጀምር ስለነበር ነጭ ሸሚዝ አስፈለጋት። እኔ ደግሞ ስጋታም ነኝ። ሰው ከኋላዋ አይቶ ይስቅባታል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ጭንቀቴን ለጎረቤቴ ለግሌኒስ ነገርኳት።

ግሌኒስ ባሌን ስቀብር ክንዴን ይዛ ያቆመችኝ ሴት ናት። እሷም አንድ ልጅ ነበረቻት፤ ሮንዳ። በታምሲን ዕድሜ ልትዋኝ ወንዝ ወረደች... በዚያው ቀረች። አስከሬኗ እንኳ አልተገኘም።

በማግስቱ ግሌኒስ ፓተርን ይዛልኝ መጣች። ልብስ የሚቆረጥበት የታተመ ስስ ወረቀት ነው፤ ድሮ ከሱቅ የተገዛ፣ ፖስታው ገና ያልተከፈተ።

«ይኸውልሽ አቪስ። ዓይንሽ ጨርሶ ሳይፈዝ ስፊላት።»

«የኔን ዓይን ተይውና መነጽርሽን ፈልጊ። አናትሽ ላይ ነው ያለው።»

ሳቀች። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች...

«እንዳትገለብጪው። ራሱን ወረቀቱን ቁረጪው።»

ገረመኝ። እኛ ቤታችን የምንሰፋ ሴቶች ዋናውን ወረቀት አንቆርጥም፤ በሌላ ወረቀት ገልብጠን ዋናውን እናስቀምጣለን። ግሌኒስ ደግሞ ለሽርጥ እንኳ ሳትገለብጥ መቀስ አታነሳም።

«ምነው? ሌላ ሰው ቢፈልገውስ?»

«ሌላ ሰው አይሆነውም» አለች።

ስትሄድ ፖስታውን ከፈትኩት።

የሱቅ ፓተርን የሚሠራው ለተስተካከለ ሰውነት ነው። ግማሹ ብቻ ይታተማል፤ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አድርገን ስንቆርጠው ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል።

ይሄኛው ግን ግራው ለብቻ፣ ቀኙ ለብቻ ነበር።

የቀኙ ትከሻ ደግሞ ዝቅ ያለ...

ግሌኒስ በእርሳስ አስተካክላው ይሆናል ብዬ ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። እርሳስ የለበትም። ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ እንደዚያ ታትሟል። ሜትሬን አውጥቼ ወረቀቱን ከአሮጌ ቀሚሷ ጋር ለካሁ። የታምሲን ትከሻ። የታምሲን ወገብ። የታምሲን ክንድ።

ያኔ መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «ግሌኒስዬ፣ ተባረኪ! ለልጄ የሚሆናትን ፈልገሽ አገኘሽላት» አልኩ።

ወትሮ መጀመሪያ ከአሮጌ አንሶላ የሙከራ ሸሚዝ ሰፍቼ እለካበታለሁ። ያን ቀን ይሄንንም ተውኩት።

መቀሱን ሳሳርፍበት ወረቀቱ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። እርጥብ ነበር... ከታሸገ ፖስታ የወጣ ወረቀት።

ሸሚዙ የሚቆለፈው ከኋላ ነው። የለበሰችው ልጅ ብቻዋን ልትቆልፈው አትችልም።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ታምሲን ወጥ ቤት ውስጥ ለበሰችው። ከላይዋ ላይ የበቀለ ይመስል ነበር።

«አያቴ፣ መቼ ነው የለካሽኝ?»

«አልለካሁሽም።»

«ተኝቼ ለክተሽኝ ነው እንጂ... አንቺ ደግሞ ታደርጊዋለሽ» ብላ ሳቀች።

ቁልፎቹን ልቆልፍላት እጄን ስዘረጋ በሩ ተከፈተ። ግሌኒስ ናት። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ቀሚስ ለብሳለች። ክንዷ ላይ ትልቅ ፎጣ ታጥፏል።

«ተይው። እኔ እቆልፍላታለሁ።»

«ፎጣው ለምንድነው?»

«ይበርዳታል» አለችኝ።

በዚያ ሙቀት...

ከታች ጀመረች። አንድ ቁልፍ ስትቆልፍ የታምሲን ቀኝ ትከሻ ትንሽ ከፍ አለ። ዓይኔ ነው አልኩ። ሌላውን ስትቆልፍ እንደገና ከፍ አለ።

ታምሲን መሳቋን አቆመች።

«አያቴ... በረደኝ።»

«ግሌኒስ፣ ፍቺላት።»

«ትንሽ ነው የቀረው።»

«እጅሽን አንሺ አልኩሽ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ያ ሁልጊዜ ሻይ ስትቀዳልኝ የማውቀው ፊቷ ነው።

«አንቺ ሌሎች የልጅ ልጆች አሉሽ፣ አቪስ» አለች በሹክሹክታ። «እኔ አንድ ነበረችኝ።»

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈችው።

ታምሲን በረጅሙ ተነፈሰች... ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው። ከዚያ የእሷ ባልሆነ ድምፅ፣ ወደ ግሌኒስ ዞራ...

«እማዬ፣ ቆየሁብሽ?»

መቀሱን አንስቼ ሸሚዙን ከአንገቱ እስከ ታች ቀደድኩት። ልጄን ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ገላዋ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ስምሽ ማነው? ንገሪኝ፣ ስምሽ ማነው?»

«ታምሲን» አለችኝ።

ግን ከመናገሯ በፊት ግሌኒስን አየቻት... ልክ ነኝ ወይ እንደሚል ሰው።

ግሌኒስ ፎጣውን ዘረጋችላት። ታምሲንም ተቀብላ ደረቅ ፀጉሯን ታደርቅ ጀመር።

ግሌኒስ ይቅርታ እንኳ ሳትለኝ ወጣች።

አሁን ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። የታምሲን ትከሻዎች እኩል ናቸው። ሐኪሟ ምክንያቱን ባያውቅም ጥሩ ነው ይላል። እናቷ በስልክ በደስታ አለቀሰች። ምን ብዬ ልንገራት? ልጅሽ ዳነች፣ ግን ልጅሽ መሆኗን እንጃ ልበላት?

ታምሲን የግሌኒስን ደጅ እንዳትረግጥ አስማልኳት። «አልሄድም፣ አያቴ» ብላ ማለችልኝ።

ትናንት በእኩለ ቀን ዕቃ እያጠብኩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ታምሲን አጥሩ ጋ ቆማለች። ግሌኒስ ከወዲያ ማዶ ሆና፣ ከአጥሩ በላይ እጇን ዘርግታ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል፣ ሣሩ ሁሉ ደርቋል። ማበጠሪያው በወረደ ቁጥር ግን ከፀጉሯ ውኃ ይንጠባጠባል... እግሯ ሥር ጭቃ ሆኗል።

መስኮቱን መታሁት።

«ታምሲን!»

ዞር አለች። ጎረቤት ሰላም እንደሚባል፣ እጇን አንስታ በትህትና ሰላም አለችኝ።

ከዚያ አንገቷን ለማበጠሪያው መልሳ ሰጠች።