የቫኒላው አጎበር

«ጣትሽን አምጪ እስቲ። ዘንድሮ ስትታመሚ ስንተኛሽ ነው?»

«ሦስተኛዬ» አለች ጁብሊን፣ እየተንቀጠቀጠች።

አክስቷ ኢሚ የመንደሩ ጤና ኬላ ሠራተኛ ናት። ከጁብሊን ጣት የወጣውን ደም መመርመሪያው ላይ ጠብ አድርጋ ጠበቀች። ሁለት መስመር ወጣ፤ ወባ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ አራት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። አምና እኩዮቿ ሲፈተኑ ጁብሊን ትኩሳት ጥሏት ነበር፤ ዘንድሮ ያንኑ ክፍል በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ጋር ደግማ ትማራለች። ይህ ያንገበግባታል።

«የሰጠኋችሁ አዲሱ አጎበርስ?»

ጁብሊን አንገቷን ደፋች። አባቷ ያንጎ ዶሮና አይጥ እንዳይነካበት ብሎ ውድ ቅመሙን፣ ቫኒላውን፣ የሚያሰጣበት ማድረቂያ ላይ ወጥሮታል።

«ቫኒላው ተኝቶበታል በይኛ!» አለች ኢሚ። «ወንድሜ እኮ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ።»

ያንጎ ክፉ አባት ሆኖ አይደለም። በሚቀጥለው ወር ነጋዴው በጀልባ ሲመጣ ቫኒላውን ሸጦ ሁለተኛ ደረጃ ሊያስገባት ነው ልፋቱ ሁሉ። ግን ካልተፈተነች ማን ያስገባታል?

ጁብሊን ኪኒኑን ሦስቱንም ቀን በሥርዓት ዋጠች። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ጉልበቷ ገና ሳይጠና፣ ማድረቂያው ጋ ሄዳ የአጎበሩን ገመድ መፍታት ጀመረች። ያንጎ ታንኳውን አስሮ ሲመጣ እጅ ከፍንጅ ያዛት።

«አንቺ ልጅ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«አጎበሬን እየወሰድኩ።»

«ጉድ ፈላ! አይጥ ሲጨርሰው የትምህርት ቤት ክፍያሽን ከወንዝ ልቀዳው ነው?»

«ፈተናው ካመለጠኝ የምን ክፍያ ነው፣ አባዬ?» እጇ ገመዱን መፍታት አላቆመም። «ማታ ማታ ቫኒላውን ቤት አስገብቼ እከድነዋለሁ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት መልሼ አሰጣዋለሁ።»

«ይሄን ሁሉ? በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ቀንስ? ከዶሮዎቹ ማን ይጠብቀዋል?»

«አንተ።»

ያንጎ ቫኒላውን አየ፤ የልጁን የከሱ ክንዶችም አየ።

«በስተርጅና ዶሮ ጠባቂ ልታደርጊኝ!» አለ እያጉረመረመ።

ጁብሊን እሺ እስኪላት አልጠበቀችም። የመጨረሻው ቋጠሮ በጣቷ አልፈታ ሲላት ጎንበስ ብላ በጥርሷ ያዘችው።