ሠላሳ አምስት በመቶ ላይ

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሮብሌ ግን የራሱ ነው ብሎ ሲያምን ዝም አልኩ።

ከፊንላንድ ተምሬ ከተመለስኩ አራተኛ ወሬ ነው። በአጎቴ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አጎቴ በሩ ላይ «ከአውሮፓ የመጣች ባለሙያ» ብሎ በቀይ ቀለም አጽፎብኛል። ሐርጌሳ ውስጥ እንዲህ የተጻፈላት ሴት «አላውቅም» ማለት ይከብዳታል።

ሮብሌ ከማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ይሠራል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፑን እንደታመመ ሕፃን አቅፎ ገባ።

«ሳጋል፣ ጉድ ሠርቻለሁ። አፕዴት እያደረገ ሳለ ቀትር ሆነና እንደ ልማዴ ማብሪያውን አውርጄ ምሳ ሄድኩ።»

እኛ ዘንድ ሁሉም እንዲሁ ነው። መብራት ውድ ስለሆነ ሱቁ ለቀትር ሲዘጋ ዋናው ማብሪያ ይወርዳል።

«ውስጡ ምን አለ?»

«የእናቴ ድምፅ።»

እናቱ ለሰርግ ግጥም ትገጥም ነበር። ከመሞቷ በፊት ቀድቷታል፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

ስከፍተው «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ፣ 35 በመቶ» ይላል። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሮብሌ የሚያየው ማያውን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ቀና ስል ዓይኑን ይሰብራል።

«አንቺ ከያዝሽውማ ይድናል» አለና ደንበኛ ሲጠራው ወጣ።

በላፕቶፑ ጎን ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ዲስኩ እየሠራ ነው ማለት ነው። አልተቀረቀረም፣ እያዘገመ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ግን ሲመለስ ጨርሼ እንዲያገኘኝ ፈለግሁ። ማጥፊያውን ተጫንኩና ጣቴን ሳላነሳ ቆየሁ። መብራቷ ጠፋች።

ዳግም ሳበራው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል።

«ምን ሆነ?» አለ ሮብሌ ተመልሶ።

«ቀትር ላይ... ኤሌክትሪክ ስለተቋረጠበት...»

ግማሹ እውነት መሆኑ ውሸቱን አከፋው።

«ይህን እጄን ይቁረጠው!» አለ።

ዘጠኝ ቀን ታገልኩ። እሱ በየቀኑ የግመል ወተት ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል።

«በሽተኛው እንዴት ዋለ?»

«ጠይቀው፣ እዚያ ተኝቷል።»

«እኔ ነኝ እንጂ በሽተኛው» ብሎ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ጣቴን አያለሁ።

በስምንተኛው ቀን ሸሚዙ በአቧራ ተሸፍኖ መጣ። «ለአክስቴ ለደሀቦ ሐል ሰጠሁ።»

ሐል የበደለ ሰው የተበደለውን ልብ የሚያለዝብበት ካሳ ነው።

«ምን ሰጠሃት?»

«በግ። የእህቷን ድምፅ ያጠፋሁባት እኔ አይደለሁ?» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

በኔ ጥፋት እሱ በግ ጎተተ። አሁንም ምንም አላልኩም።

በማግስቱ ላፕቶፑን ከፍላሽ አስነሳሁት። ድምፁን ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥኩ፤ በግማሽ የቀረውን አፕዴት አጠፋሁ። ላፕቶፑ ተነሳ። ሮብሌ መጥቶ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቆይቶ፣ «ሳጋል፣ ሽማግሌ ወደ አጎትሽ ብልክ...»

«ቆይ» አልኩት። ስለ መብራቷ፣ ስለ ጣቴ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

የፔርሙዙን ክዳን አጥብቆ ዘጋ።

«ቁልፉን በመጫንሽ አልቀየምሽም» አለ በመጨረሻ። «ስለ በጉ ስነግርሽ ግን ፊቴን እያየሽ ዝም አልሽ።»

ላፕቶፑን አቅፎ ወጣ። በማግስቱ ሻይ አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ለደሀቦ በግ ገዛሁ። ልኬላት ቢሆን ያው የአጎቴ ተላላኪ ይጎትተው ነበር፤ ራሴ ጎተትኩት። በጉ በየጥጉ እየቆመ አስቸገረኝ። መንገድ ዳር ያሉት ቲማቲም ሻጮች አዩኝ።

«እናንተ፣ የአውሮፓዋን ባለሙያ እዩዋት! በግም ትጠግኛለሽ እንዴ?»

ደሀቦ በሩን ከፍታ እኔንም በጉንም አየች። ጥፋቴን ነገርኳት።

«ሁለተኛ በግ!» ብላ ሳቀች። «ያ ኮምፒውተር ይወልዳል ልበል? የኔ ልብ ረግቷል፣ ልጄ። የሱን ራሱን ጠይቂው።»

ሮብሌ እዚያው ቤቷ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ፊት ለፊቱ ነው፤ አፕዴቱን እንደገና ጀምሯል። ሠላሳ አምስት በመቶ ይላል።

«የኔ ሐል በግ አይደለም» አለ ቀና ሳይል። «የማታውቂውን አላውቅም በይኝ። የምታውቂውን አትደብቂኝ።»

«እሺ።»

«ይህ ተቀርቅሯል ወይስ ይሠራል?»

አጎንብሼ ትንሿን መብራት አየሁ። ብልጭ፣ ድርግም።

«ይሠራል። መቼ እንደሚጨርስ ግን...» ቀና ብዬ አየሁት። «አላውቅም።»

ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩና እጆቼን ጉያዬ ውስጥ ሸሸግሁ። ብዙ ቆየን። ሠላሳ ስድስት አለ። ሮብሌ ማያውን አላየም።