ሦስት ጊዜ ብቻ

ልጄ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰ አስቸገራትና ጠጋኝ ተጠራ።

ጠጋኙ የዘይት ጣሳውን አጠገቡ አስቀምጦ መኪናውን ከፍቶ አየ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ።

«መኪናው ምንም አልሆነ። አንቺ ነሽ የምትጣደፊው።»

«ታዲያ ያን ዘይት እኔን ልታጠጣኝ ነው?» አለችው።

አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እሱ ጆሮው ቀልቶ፣ አንገቱን ደፍቶ መርፌውን አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ያ መኪና በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር።

ይህን እየሳቀች የነገረችኝ እሷው ናት። «መካኒኩ» ስትል ፊቷ ይበራል። እኔ መቼም መጨነቅ አይለቀኝም፤ ጥያቄ አበዛሁባት። ይሰግዳል? ይቆጣል? እናቱስ? እናቱ ሞታለች አለችኝ። አንጀቴን በላው።

በዓመቱ አባቱን ይዞ ልጄን ለትዳር ሊጠይቅ መጣ። አባትየው ደጃፉን ሲያልፍ ወዲያው አወቅኩት።

«እንዴ! የድሮ ጎረቤቴ አይደለሽም እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ነኝ። ከሃያ አራት ዓመት በፊት አንድ ግቢ ነበርን። ሚስቱ በትኩሳት ሆስፒታል ተኝታ፣ እሱ ሥራ ሄዶ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ በአንዱ ጡቴ ልጄን፣ በሌላው የእነሱን አጠባሁ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ አያቱ ወሰደችው፤ እነሱም ቤት ቀየሩ። አባትየው ስለ ማጥባቱ አልሰማም። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

በእስልምና አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ይሆናሉ፤ አይጋቡም። አራት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ዝም ብልስ ማን ያውቃል? ልጄ የኒካህ ቀሚሷን ራሷ ልትሰፋ ጨርቁን መቁረጥ ጀምራለች። በአምስተኛው ቀን ነገርኳት። መቀሱን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ለምን ነገርሽኝ?» አለች። ጨርቁን ሰብስባ ደግሞ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለች።

ለልጁና ለአባቱም ነግረናቸው አራታችንም የሰፈራችን ሸኽ ዘንድ ሄድን። ስንት ጊዜ እንዳጠባሁት ደጋግመው ጠየቁኝ።

«እናንተ ሻፊዒዎች ናችሁ። በእናንተ መዝሀብ፣ በያዛችሁት የሕግ መንገድ፣ አምስት ጊዜ ካልሞላ የጡት ዝምድና አይጸናም። ልታገባው ትችላለች» አሉኝ። ልጄ እፎይ ስትል ሰማኋት። ሸኹ ወደ አባትየው ዞሩ። «እናንተ ግን ሐነፊዎች ናችሁ። በእናንተ አንዴ መጥባትም ይበቃል፤ እህቱ ናት። እርግጥ የአንዲት ሴት ቃል ብቻውን በሕግ አያስገድደውም። ነገሩ ያለው ልጁ እሷን ማመኑ ላይ ነው።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ አልተሳሳቱም?»

«ምናልባት» ብል ይበቃ ነበር። ልጄ በዓይኗ ለመነችኝ።

«አልተሳሳትኩም» አልኩ።

«አምንዎታለሁ» አለኝ። «ሌላ ቀን ቢሆን እናት አገኘሁ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»

«የእኛን መዝሀብ ያዛ!» አለችው ልጄ። «ሸኹ ስህተት ነው አላሉም!»

«አላሉም። ግን ሲመቸኝም ሳይመቸኝም የያዝኩትን፣ አንቺን ስለፈለግኩ ብቻ ብተወው፣ ነገ የልጃችንን ፊት ባየሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ። እንደዚያ ሆኜ አንቺ ጋ መኖር አልችልም።»



ደጅ ስንወጣ ልጁ ወደ ኋላ ቀረና ለልጄ እጁን ዘረጋላት። ያን ሁሉ ጊዜ ሲዋደዱ እጇን ነክቶ አያውቅም። አሁን በእሱ መዝሀብ እህቱ ናት፤ ሊጨብጣት ይችላል።

ልጄ የተዘረጋውን እጅ ቆማ አየችው። ጣቶቹ ላይ የመኪና ዘይት ነበር። ሁለት እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ከተተች።

«ለአንተ እህትህ ብሆንም፣ ለእኔ ወንድሜ አይደለህም» አለችው።

እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።