ሚስማር ላይ የተሰቀለው መነጽር

ብረት በሚቀረጽበት አንድ የቶርኖ ቤት ውስጥ፣ የማሽን ስለት ከሚሳልበት የሚሽከረከር ድንጋይ በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንድ የዓይን መከላከያ መነጽር ተሰቅሎ ይኖር ነበር። የተገዛ ሰሞን ሁሉም እየተቀባበለ ሞክሮታል። ከዚያ አንዱ ያልበኛል አለ፣ ሌላው የስለቱን ጫፍ ደህና አድርጎ አላሳይ አለኝ አለ። ቀስ በቀስ አቧራ ለብሶ ሚስማሩ ላይ ቀረ። ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ይወለወላል።

ሠራተኞቹ ለዚህ ቸልተኝነታቸው ውሃ የሚያነሳ የሚመስል ምክንያት ነበራቸው። ምክንያታቸው "ሐኪሙ" ነው። ሐኪሙ ሕክምና አልተማረም፤ ቶርኖ ላይ ያረጀ ብረት ሠራተኛ ነው። ነገር ግን የብረት ብናኝ ዓይኑ የገባበት ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣል። እሱም ሰውየውን መስኮት ሥር ያስቀምጥና የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጎ፣ በታጠፈ ወረቀት ጫፍ ብናኙን ያነሳለታል። እጁ ንቅንቅ አይልም። "እሱ እያለ መነጽር ምን ይሠራል" ሲሉ ይሰማል፤ ደስም ይለዋል። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ከጎኑ ባለው ማሽን የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ስለቱ ደነዘበት። ማሽኑን አጥፍቶ ሊስል ሄደ። ስለት በእጅ መሳል ዓይን ይፈልጋል፤ ማዕዘኑ ትንሽ ከተዛነፈ የሚቆረጠው ብረት ሸካራ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ፍንጣሪው አስጠግቶ ጎንበስ አለ። ብዙም ሳይቆይ ስለቱን ጥሎ ዓይኑን ያዘ።

"ጋሼ፣ ገባብኝ" አለ።

ሐኪሙ መስኮት ሥር አስቀመጠው። ብናኙ የዓይኑ ጥቁር ክፍል ላይ ተጣብቋል። በወረቀት ቢነካው ንቅንቅ አልል አለ። ደግሞ ሞከረ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡት፤ አልቻልኩም ማለት ሞት መሰለው። ከኮሌታው ሥር የሰካትን መርፌ አወጣ። ብናኙ ተነሳ፤ በቦታው ግን አንዲት ቡናማ ነጥብ ቀርታ አየ። ምንም አይደለም ብሎ ራሱን አታለለ።

"ጨርሰናል፤ ማታ ይለቅሃል" አለው።

አልለቀቀውም። በማግስቱ ወንድሙ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ከመብራት ፊቱን እያዞረ መጣ። ሐኪሙ ወንድሙን እንዴት ነህ ብሎ መጠየቅ እንኳ ፈራ፤ መልሱን ያውቀዋላ። ቤቱ ሲገባ የወንድሙ ሚስት ደወለች። ዓይኑ መግል መያዙን፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው "ወንድሜ አይቶኛል" እያለ እምቢ ማለቱን ነገረችው።

"ጋሼ፣ በእርግጥ ወጥቷል?" አለችው።

"ዓይኔን ግንባር..." ብሎ ጀመረ፤ ሁልጊዜ ከአፉ የማይጠፋ መሐላው ነው። መጨረስ ግን አቃተው። "መጣሁ፤ ልብሱን አልብሺው" አለና ስልኩን ዘጋ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ የዓይን ሐኪሟ በመሣሪያዋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ሐኪሙ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

"ይህን ማን ነካው?" አለች።

ወንድሙ አንገቱን ደፋ።

"እኔ ነኝ" አለ ሐኪሙ። "በመርፌ።"

አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ብናኙ ዝገት ጥሎ መሄዱን፣ መርፌው ያቆሰለው ቦታ መመርቀዙን በረጋ ድምፅ አስረዳችው። ዓይኑ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጠባሳው ብዥታ ጥሎ ይሄዳል። ብናኙ በገባበት ቀን ሳይነካካ ቢመጣ ኖሮ ቀላል ነገር ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ወንድሙ "ለመርዳት ብለህ ነው፣ ጋሼ" አለው። ይህች ቃል ከሁሉ ይልቅ አንገበገበችው።

በማግስቱ ሥራ ሲገባ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ቀልደኛው በያጅ፣ ዓይኑን እያሸ መጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሐኪሙ እጆቹን ወደ ኋላ አደረገ።

"አትሸው። በንጹህ ውሃ ታጠበውና ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ።"

"ያቺ እጅህስ ምን ሆነች?"

"ያቺ እጄ የወንድሜን ዓይን አበላሸች" አለ፣ ሁሉም እየሰሙት።

የሳቀ አልነበረም። ሐኪሙ በያጁን አሳክሞ ሲመለስ መነጽሩን ከሚስማሩ አውርዶ በሳሙና አጠበ። ከዚያም የመሳያው ድንጋይ ማብሪያ ላይ አንጠለጠለው፤ መነጽሩን ያላነሳ ማብሪያውን አያገኘውም።

ወገኖቼ፣ በየሥራ ቦታችን እንዲህ ያለ "ሐኪም" አይጠፋም። የጓደኛ ደግነት ከጥንቃቄ ጉድለት አያድንም፤ እውቀት የሌለው ደግነት ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ዓይናችሁን አስቀድማችሁ ሸፍኑ፤ ጉዳት ከደረሰም ሳትነካኩ ወደሚያውቀው ሰው ሂዱ።

ወንድምየው ድኖ ሥራ ሲመለስ መነጽሩን አንስቶ አጠለቀና ስለቱን ሳለ። መነጽሩን አውልቆ ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላብጦ አየው፤ የተጎዳ ዓይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ እንደገና አየው። በመጨረሻ ወደ ታላቅ ወንድሙ መጣ።

"ጋሼ፣ ጫፉ አልታይ አለኝ። እስቲ እይልኝ" አለው።

ሐኪሙ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱንም ስለት የሚያየው እሱ ነው።