ሻለቃ የለመደው ሰው

ይህን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን ካለ አልፈርድበትም... እኔም ውሸት በሆነልኝ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። የራሴ ሳሎን ውስጥ ነኝ፤ መጋረጃው ተገልጧል፣ ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች።

አስፈሪ ነገር ሲጨልም ነው የሚመጣው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። የእኔው በጠራራ ፀሐይ ነው የመጣው።

መጀመሪያ ግን ቤተሰቡን ላስተዋውቃችሁ።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ ሻለቃ እና ወይዘሮ።

ሻለቃ ውሻዬ ነው። ቡናማ ነው፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ስሙን ያወጣሁለት በር ላይ ሲቆም ግዳጅ የተሰጠው ስለሚመስል ነው። የሚወደው ሰው ሲጠጋው ተኝቶም ቢሆን ወለሉን በጭራው ይመታል። ሦስት ጊዜ ይመታና ያቆማል። ሁልጊዜ ሦስት ነው።

ወይዘሮ ድመቴ ናት። እሷ ማንንም አትወድም። እኔንም የምትታገሰኝ ስለምቀልባት ይመስለኛል።

ጠዋት ጠዋት አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ እቀበላለሁ። ከሰዓት ቤቴ ተቀምጬ የቤት እንስሳት እንክብካቤ ብሎጌን እጽፋለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስለ ጥፍር አቆራረጥ፣ ስለ ሆድ ትል፣ ገላ መታጠብ ስለሚጠላ ውሻ... ያልጻፍኩት የለም።

ጽሑፉ የእኔ ነው። ፎቶ የምታነሳውና አንባቢዎች ለሚጽፉት አስተያየት መልስ የምትሰጠው ግን ታላቅ እህቴ ናት። እቴቴ ነው የምላት። ከእኔ ሌላ የቤቴ ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቴም እህቴም እሷ ነበረች።

ይህን ልብ በሉልኝ።

ከጽሑፎቼ ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው "ውሻዎን በሰባት ቀን ከአዲስ ሰው ጋር ያላምዱ" የሚለውን ነው። ቤታቸው አዲስ ባል ወይም አዲስ ሠራተኛ ለሚገባባቸው ሰዎች ብዬ ነበር የጻፍኩት። ውሻው ሳይለምደው የተባረረ ባልም አለ ይባላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። አዲሱ ሰው የለበሰው ጨርቅ ከውሻው መኝታ ስር ይደረጋል። በማግስቱ ሰውየው ከተዘጋ በር ጀርባ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ቀጥሎ በበሩ ስር ብስኩት ይሰጣል። ከዚያ ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶ ወለል ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቱ ውሻውን የሚያረጋጋበትን ቃል የሚሞክረው። በሰባተኛው ቀን ባለቤቱ ባለበት፣ ሁሉም አንድ ቤት ውስጥ ይሆናሉ።

የሻለቃ ቃል "እፎይ" ነው። እፎይ ከተባለ ሰማይ ቢያጓራ እንኳን ቁጭ ይላል። ብሎጉ ላይ ጽፌው አላውቅም።

የምናውቀው እኔና እቴቴ ብቻ ነበርን።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ረቡዕ ነው። እቴቴ ደወለችልኝ።

"ዓይኔን አሞኛል። ስልክ ማየት አልቻልኩም። አስተያየቶቹን እስቲ ለጥቂት ቀን አንቺ መልሺ።"

"እሺ እቴቴ። ሐኪም ዘንድ ልውሰድሽ?"

"አይ... ይሻለኛል።"

ከሰዓት ብሎጉን ስከፍት አንድ የማላውቀው አንባቢ ጽፏል። ስሙን "አዲሱ ሰው" ብሎታል።

"ቀን አንድ። ጨርቁን አስቀመጥኩ። አሸተተው። አልጮኸም።"

ደስ አለኝ። ያልኩትን እንዲህ ቀን በቀን የሚከታተል ሰው ስንት አለ? "ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል" ብዬ መለስኩለት።

የዚያን ዕለት የሻለቃን መኝታ ላራግፍ ሳነሳው አንድ ግራጫ ካልሲ ወደቀ። ግራ እግር ብቻ። እርጥብ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ክፍል ይሸታል። ከጎረቤት የልብስ ማስጫ ያመጣው መሰለኝና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

በማግስቱ ተመልሶ መኝታው ስር ነበር።

"አንተ ሌባ" አልኩት ሻለቃን። እሱ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ያን ቀን ከሥራ ስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ በር ላይ አልተቀበለኝም። ከሳሎኑ ጥግ ያለው እቃ ቤት ፊት ለፊት ተኝቶ የተዘጋውን በር ያያል።

አስተያየቱን ከፈትኩ።

"ቀን ሁለት። ከበሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከወዲያ ማዶ መጥቶ ተኛ። ትንፋሹን እሰማዋለሁ።"

ዓርብ ዕለት ደግሞ "ቀን ሦስት። ከእጄ በላ" ይላል።

ዓርብ ዕለት እቃ ቤቱ ደፍ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ አየሁ። በሩን ከፈትኩት። የእንስሳት መኖ ከረጢት፣ መጥረጊያ፣ አሮጌ ባልዲ። ሌላ ምንም የለም። ሽታው ግን የካልሲው ነው።

ቤቱ እርጥበት ገብቶበታል አልኩና ዘጋሁት።

ቅዳሜ "አዲሱ ሰው" ጥያቄ ይዞ መጣ።

"ቀን አራት። ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ውሻው ደህና ነው። ድመቷ ግን ቁም ሳጥን ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። እሷን ምን ላድርጋት?"

እንዲህ ስል መለስኩለት፤ "ድመት በሰባት ቀን አትላመድም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ሃያ አንድ ቀን ስጣት። ቦታ ብትቀይርም ተስፋ አትቁረጥ።"

ጽፌ ጨርሼ ቀና ስል ወይዘሮ ቁም ሳጥኑ ላይ ናት። ጠዋትም እዚያው ነበረች። ጸጉሯ ቆሟል።

ሳቅኩ። "አንቺም እንደዚያችው ነሽ" አልኳት።

አልገባኝም... እንዴት እንዳልገባኝ ዛሬም አይገባኝም።

እሑድ ተረኛ ነበርኩ። ስመለስ ይህ ይጠብቀኛል፤ "ቀን አምስት። ቃል ሞከርኩ። አልሰማኝም።"

"ባለቤቱ የሚጠቀምበት ቃል መሆን አለበት። ከቤተሰብ ጠይቅ።"

እኔ ነኝ የመለስኩት። በእነዚህ ጣቶቼ።

ሰኞ ምንም አልጻፈም። ሻለቃ ጸጉሩ ስለሚረግፍ የሳሎኑ ምንጣፍ ሁልጊዜ ቡናማ ነው። ሰኞ ግን ግድግዳው ሥር አንድ ክብ ንጹሕ ቦታ አየሁ። ሰው ቁጭ ብሎበት የተነሳ ይመስላል።

ለሰው ግን ጠባብ ነበር። በጣም ጠባብ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

"ትናንት ቃሉን ጠየቅኩ። እህትየዋ ነገረችኝ። እፎይ አልኩት... ቁጭ አለ። ዛሬ ቀን ሰባት ነው። ባለቤትየዋ አለች።"

ክው አልኩ።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ሻለቃ እቃ ቤቱ በር ላይ ተኝቷል። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጭራው ወለሉን መታ። አንድ... ሁለት... ሦስት።

እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።

ስልኬን አንስቼ እቴቴ ጋ ደወልኩ።

"እቴቴ..."

"ምነው፣ ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?"

"የሻለቃን ቃል ለማን ነገርሽ?"

ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ስንተኛው ቀን ነው?" አለች።

"እቴቴ፣ ለማን ነገርሽ?"

"ሰባተኛው ከሆነ አትሩጪ። ሩጫ አይወድም።"

"ማነው?"

"እኔ ቤት አሥራ አንድ ወር ተቀመጠ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ሰውነቴ አለቀ። ውሻ ያለበት ቤት ካገኘሽልኝ እወጣልሻለሁ አለኝ። ሌላ ማንን አውቃለሁ?"

"ሰው ነው?"

"ጠይቄው አላውቅም።"

"እኔን ሰጠሽኝ... እኔን?"

ማልቀስ ጀመረች። "ሻለቃ ከለመደው አንቺም ትለምጂዋለሽ ብዬ ነው። ዘዴው ያንቺው አይደል? እኔ ያንቺን ጽሑፍ ነው ያሳየሁት።"

ስልኩን ዘጋሁት።

ታውቃላችሁ፣ በዚያች ሰዓት አንጀቴን የቆረጠው ፍርሃቱ አልነበረም። ስታመም ራሴን ይዛ ያደረችው፣ ፈተና ስወድቅ ከእኔ ብሳ ያለቀሰችው እህቴ ቤቴን በሰጠኋት ቁልፍ ከፍታ አስገብታብኛለች። ዓይኔን አሞኛል ያለችውም አስተያየቶቹን እኔው እንድመልስ ነበር። የገዛ ቤቴን በር እኔው ራሴ እንድከፍት።

"ሻለቃ" አልኩ በሹክሹክታ። "ና፣ እንሂድ።"

አልመጣም።

ማሰሪያውን ይዤ ሁለት እርምጃ ተጠጋሁ። ተነሳ። በእኔና በእቃ ቤቱ በር መካከል ቆመ። ከንፈሩ ወደ ላይ ተሰበሰበ... አጉረመረመብኝ።

በጡጦ ነው ያሳደግኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ ደረቴ ላይ አስተኝቼ ነው ያሳደግኩት። እንግዳ አድርጎ አየኝ።

ከዚያ ከበሩ ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ። ዝግ ያለ ነው፤ አዲስ ቃል እየተለማመደ ያለ ሰው ድምፅ።

"እ...ፎይ።"

ሻለቃ ቁጭ አለ።

ወይዘሮን ከቁም ሳጥኑ ላይ ላፍ አድርጌ እግሬ አውጪኝ አልኩ። እጄን ቧጨረችኝ። ጫማም አላደረግኩም።

በማግስቱ ከክሊኒኩ ሐኪምና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተመለስኩ። እቃ ቤቱ ባዶ ነው። ሻለቃም የለም። የውሃ ሳህኑ ግን ታጥቦ፣ ንጹሕ ውሃ ተሞልቶበታል።

ሐኪሙ አየኝና "ትንሽ እረፍት ብትወስጂስ?" አለኝ። ጎረቤቶቹ ተያዩ።

አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መኝታ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት። የት እንዳለሁ ለማንም አልተናገርኩም።

በአምስተኛው ቀን እቴቴ ደወለች።

"ሻለቃ እኔ ጋ ነው" አለች። "ምግብ አልቀምስ ብሏል። አንቺን ነው የሚፈልገው። ላምጣልሽ፣ የት ነሽ?"

ሞኝ በሉኝ። ሰው ቢከዳኝም ውሻዬን ልተው አልቻልኩም፤ ያ ማጉረምረም የእሱ እንዳልሆነ ለራሴ ስነግረው ሰንብቻለሁ። አድራሻውን ነገርኳት።

አልመጣችም። ስልኳም ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ባለፈው እሑድ ወይዘሮ የምትተኛበትን ፎጣ ላጥብ አነሳሁት። ስሩ ግራጫ ካልሲ ነበር። እርጥብ።

ቀኝ እግር።

ያኔውኑ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። በሩን ከፍቼ ቆምኩ... ተመለስኩ። ሻለቃን ይዛ ብትመጣስ? እሷ የምታውቀው ይህን በር ብቻ ነው። እኔ ከሄድኩ ሻለቃ ወዴት ይሄዳል?

ዛሬ ማክሰኞ ነው። አሁን ስልኬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል። ያ "አዲሱ ሰው" ቀን አንድ ብሎ ከጻፈበት ረቡዕ ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ።

ሃያ አንድ።

ወይዘሮ ከማቀዝቀዣው ላይ ወረደች። ጭራዋን አቁማ፣ ሳትቸኩል፣ የተዘጋው መታጠቢያ ቤት በር ፊት ተቀመጠች። በደስታ ታንኮራፋለች... ለእኔ አንድም ቀን እንደዚያ አንኮራፍታ አታውቅም። የፊት እግሯን በበሩ ስር አስገባች። እስከ ክርኗ።

አላወጣችውም። እዚያ ሆኖ የሚዳብስላት አለ።

እኔ በሩን አየሁ። መያዣውን አየሁ።

ከዚያ ከበሩ ወዲያ ጭራ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ።

አንድ... ሁለት... ሦስት።

"ሻለቃ?" አልኩ።

መልሱ የመጣው በዝግታ ነው። ቃሉን አሁን በደንብ ለምዶታል። ልክ እንደ እኔ አድርጎ ነው የሚለው።

"እፎይ።"

ልሮጥ ነበር። እውነቴን ነው፣ እግሬ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቴን የያዘኝ ነገር ለቀቀኝ... ቁጭ አልኩ።

ይህን የምጽፍላችሁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቻለሁ።

መያዣው ሲዞር ይሰማኛል።